ማሰርና መፍታት፦ ሽረት በሪያድና በአዲስ አበባ

በአረብኛ የመንግሥት ታሪክ ሰውን ከሥልጣን ማንሳት ሁለት ስም አለው። አንደኛው «ዐዝል» ነው። ሾሚው የሾመውን አገረ ገዢ ወይም ዳኛ ከቦታው ሲያነሳው የሚባለው ይህ ነው። ሁለተኛው «ኸልዕ» ሲሆን ከበላዩ ሾሚ የሌለውን ሰው፣ ማለትም ራሱን ኸሊፋውን ወይም ንጉሡን፣ ማውረድ ነው። ቃሉ በዕለት ተዕለት ንግግር ልብስ ወይም ጫማ ማውለቅ ማለት ነው። ከዚያው ሥር የወጣው «ኹልዕ» ደግሞ ሚስት ከባሏ የተቀበለችውን መህር (ጥሎሽ) መልሳ ጋብቻው እንዲፈርስ የምታደርግበት የሸሪዓ ሥርዓት ስም ነው። ነገሩ በጥሬው ሲታይ ውል ማፍረስ ነው፤ የሚፈርሰው ውልም «በይዓ» ይባላል። በይዓ ሰዎች እጃቸውን ለገዢው ዘርግተው «እንታዘዝሃለን» ብለው የሚገቡት ቃል ነው።

በአማርኛ የሽረት ዋናው ግስ «ሻረ» ነው፤ ግዕዙ «ሰዐረ» ይለዋል። ሹመት ይሻራል፣ ሕግ ይሻራል፣ በዓል ይሻራል፤ ቁስልም ሲድን «ሻረ» ይባላል። የቤተ መንግሥቱ «ሹም ሽር» የወጣው ከዚህ ነው። ነገር ግን ንጉሥ ተሻረ ማለት ለአማርኛ ጆሮ ብዙም አይመችም። ሹም ይሻራል፣ ንጉሥ ግን ከዙፋን ይወርዳል። ንጉሡን ለማውረድ ደግሞ አስቀድሞ ሌላ ግስ ያስፈልጋል፦ «መፍታት»። ሕዝቡና መኳንንቱ በመሐላና በግዝት የታሰሩ ስለሆኑ ያ እስራት ሳይፈታ ንጉሡን የሚነካ ሰው እርጉም ነው። በዚህ ላይ የሁለቱ ባህሎች አነጋገር ይገናኛል። የእስልምና የፖለቲካ ሊቃውንት ገዢን የሚመርጡትንና የሚያወርዱትን ሰዎች «አህል አል-ሐል ወል-ዐቅድ» ይሏቸዋል፤ የሚፈቱና የሚያስሩ ሰዎች ማለት ነው። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም የማሰርና የመፍታት ሥልጣን የካህን ነው።

የባግዳዱ ሊቅ አል-ማዋርዲ (እ.ኤ.አ. በ1058 ያረፈ) ስለ መንግሥት ሥርዓት በጻፈው መጽሐፍ ኢማሙን ከሥልጣን የሚያወጡትን ነገሮች በሁለት ይከፍላቸዋል፦ የጠባይ መበላሸትና የአካል ጉድለት። ከአካል ጉድለቶች ዋነኛው ዕውርነት ነው። ይህ ሕግ ለጨካኞች ጥሩ መንገድ ከፈተ። የዐባስ ሥርወ መንግሥት ኸሊፋ የነበረው አል-ቃሂር በ934፣ አል-ሙተቂ በ944፣ አል-ሙስተክፊ በ946 ከሥልጣን ሲወርዱ ሦስቱም ዓይናቸው ጠፋ። ኸሊፋውን ከመግደል ይልቅ ማሳወር ተመረጠ፤ የታወረ ሰው ተመልሶ ሊሾም አይችልምና። ኢትዮጵያውያን በበኩላቸው ተቀናቃኝ ልዑልን አምባ ላይ ማሰርን መረጡ። መጀመሪያ ግሸን፣ በጎንደር ዘመን ደግሞ ወህኒ አምባ ለዚህ ዋለ። የዚያ አምባ ስም ዛሬ በአማርኛ የማናቸውም እስር ቤት ስም ሆኖ ቀርቷል።

ሽረት እንደ ወቅት የተመላለሰበት ዘመን በኢትዮጵያ ዘመነ መሳፍንት ነበር። የጎንደር ነገሥታት በየጦር አለቃው ፈቃድ ይነግሡና ይወርዱ ነበር። ከሁሉም የሚያስደንቀው የአፄ ተክለ ጊዮርጊስ ቀዳማዊ ታሪክ ነው። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ጀምሮ ስድስት ጊዜ ነግሠው ስድስት ጊዜ ወርደዋል፤ «ፍጻሜ መንግሥት» የሚል ቅጽል ስምም ወጥቶላቸዋል። የየጁ ራሶች ንጉሥን ማውረድ ይችሉ ነበር፤ ራሳቸው ለመንገሥ ግን አልደፈሩም። የጦር አለቃው ጉልበት ነበረው፣ ዙፋኑ ግን የሰሎሞን ዘር የሚቀመጥበት ነበር። ጉልበትና ሥርዓት በተለያየ እጅ ሲሆኑ ሽረት ርካሽ ይሆናል።

በኦቶማኖች ዘንድ ሽረት የጽሕፈት ሥራ ሆኖ ነበር። ሱልጣን ዐብዱልሐሚድ 2ኛ እ.ኤ.አ. አፕሪል 27 ቀን 1909 ሲወርዱ የመንግሥቱ የበላይ የሃይማኖት ሹም ሼይኹል ኢስላሙ የሰጡት ፈትዋ (የሃይማኖት ሕግ ብያኔ) የሱልጣኑን ስም አልጠራም። በጥያቄና በመልስ መልክ የተጻፈ ነበር፦ የሙስሊሞች ኢማም የሆነ «ዘይድ» የሚባል ሰው እንዲህና እንዲያ ቢያደርግ፣ ማውረድ ይገባል ወይ? መልሱ አዎን ነው። ዘይድ በሕግ መጻሕፍት ለምሳሌ የሚጠራ የማንም ስም ነው። ከዚያ በኋላ አራት መልእክተኞች ወደ ቤተ መንግሥቱ ሄደው ለእውነተኛው ሰውዬ ውሳኔውን ነገሯቸው፤ ሱልጣኑም ወደ ሳሎኒካ ተወሰዱ።

አፄ ምኒልክ በሕመም ላይ ሆነው የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ ያደረጉት በዚያው ዓመት፣ በግንቦት 1901 ዓ.ም. ነው። መኳንንቱ ማሉ። ኢያሱን የሚከዳ ሰው እርጉም እንዲሆን ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ገዘቱ። ቋጠሮው ጠንካራ ነበር። ለኢያሱ አያት ሲባል የታሰረ፣ በጳጳስ ቃል የጸና፣ በአገሩ ሁሉ የተሰማ ግዝት ነበርና፤ ሰባት ዓመት ቆይቶ ለመፍታት ያስቸገረውም እርሱው ነው።

ልጅ ኢያሱ ዘውድ አልጫኑም፣ ቅብዐ መንግሥትም አልተቀቡም። ይህ በሽረታቸው ታሪክ ብዙ ጊዜ ሳይነሳ የሚታለፍ ነጥብ ቢሆንም ከባድ ነው። የተቀባን ንጉሥ ማውረድ የማይፈታውን መፍታት ነው፤ ወራሽን ማውረድ ግን መሐላን መፍታት ብቻ ነው። በነሐሴ 1908 ዓ.ም. ኢያሱ ደጃዝማች ተፈሪን ከሐረር አንስተው ወደ ከፋ ሾሟቸው። ይህ ተራ ሹም ሽር ቢመስልም የአባታቸውን የራስ መኮንንን አገር መንጠቅ ነበር። የብሪታንያ፣ የፈረንሳይና የጣሊያን ሌጋሲዮኖችም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኢያሱ ወደ ኦቶማኖችና ወደ ጀርመኖች ያዘነብላሉ ብለው ተቃውሟቸውን በጽሑፍ አቀረቡ። የመስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ነገር የተሰናዳው በዚህ መካከል ነው።

የመስቀል በዓል ዕለት ነበር። ኢያሱ ሐረርጌ ናቸው። መኳንንቱና የመሐል ሰፋሪው ሠራዊት በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ተሰበሰበ። በዘመኑ የጦር ሚኒስትር የነበሩትና ያለ እርሳቸው ምንም የማይሆነው ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስም ከዚያው ናቸው። ክሱ ተነበበ፦ ኢያሱ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል፣ ከእስላም ጋር ተጋብተዋል፣ የክርስቲያን መንግሥት አልጋ ላይ ሊቀመጡ አይገባቸውም። ክሱ ምን ያህል እውነት እንደነበረ የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ክሱ የተመረጠበት ምክንያት ግን ያን ያህል አያከራክርም። ኢያሱ ባላገሩን በደሉ፣ ፍርድ አጓደሉ፣ ሥራ ፈትተው በየአገሩ ዞሩ የሚሉት ክሶች በጳጳስ የታሰረ ግዝት አይፈቱም። ሃይማኖት ለወጡ የሚለው ግን ይፈታል። አቡነ ማቴዎስ ወዲያው አልተስማሙም፤ ያሰሩትም እርሳቸው ነበሩና። በመጨረሻ ግን መኳንንቱንና ሠራዊቱን ከመሐላው ፈቱ፣ ኢያሱን የሚከተለውንም አወገዙ። ግዝቱ በተመሳሳይ አፍ ተገላበጠ ማለት ነው፤ ትላንት ኢያሱን የሚክድ እርጉም ነበር፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ የሚከተል እርጉም ሆነ። ወይዘሮ ዘውዲቱ ንግሥት ተባሉ፣ ተፈሪም ራስ ተብለው አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሆኑ።

ጳጳሱ መሐላውን ቢፈቱም የኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል አልፈቱትም። በወሎ ሠራዊት ወደ ሸዋ ገሠገሡና ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ተሸነፉ። ኢያሱ ለዓመታት በአፋር ምድር ሲንከራተቱ ቆይተው በ1913 ዓ.ም. ተያዙ፣ ፍቼ ታሰሩ፣ በ1924 ዓ.ም. አምልጠው እንደገና ተያዙ፤ በመጨረሻም በሐረርጌ ጋራ ሙለታ በእስር ሞቱ።

ሪያድ ላይ የሆነው ከዚህ ግማሽ ክፍለ ዘመን ያህል ዘግይቶ ነው፤ አካሄዱ ግን ይመሳሰላል። ንጉሥ ሳዑድ ቢን ዐብዱልዐዚዝ በ1933 አልጋ ወራሽ ተብለው አባታቸው በኖቬምበር 1953 ሲያርፉ ነገሡ (ከዚህ በታች የሳዑዲ ቀኖች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። እስከዚያ ድረስ የመንግሥቱ መሥሪያ ቤቶች አብዛኞቹ በሒጃዝ፣ በመካና በጅዳ ነበሩ። ሳዑድ ሚኒስቴሮቹ ሁሉ ወደ ሪያድ እንዲዛወሩ አዘዙ፣ ለሠራተኞቹም መኖሪያ እንዲሠራ አደረጉ። ከአሮጌው የጭቃ ከተማ በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ ከመሐል ከተማው አራት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ፣ «አዲሲቱ ሪያድ» የተባለው ሰፈር ተቆረቆረ። ይህ መላዝ ነው። ቀጥ ያሉ መንገዶች እየተቋረጡ ቦታውን ወደ አራት ማዕዘን ይከፋፍሉታል፤ ከ700 በላይ ቪላዎችና የኮንክሪት አፓርታማ ሕንጻዎች ከሕዝብ መናፈሻ ጋር ተሠሩበት። የሪያድ ሰው እስከዚያ ድረስ ግቢው ወደ ውስጥ የሚዞር፣ ከጎረቤቱ ግድግዳ የሚጋራ የጭቃ ቤት ነበረው። መላዝ ላይ ቤቱ በመሬቱ መካከል ብቻውን ቆመ፣ አጥርም ዞረው። ይህ ቅርጽ ከዚያ በኋላ በመላው የሳዑዲ ከተሞች የተለመደ ሆነ። የሪያድ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳም ለረጅም ዘመን በዚሁ ሰፈር ነበር።

በ1957 በንጉሡ ስም የተሰየመው የመንግሥቱ የመጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። በመጀመሪያው ዓመት 21 ተማሪዎችና 9 መምህራን ብቻ ነበሩት፤ ግቢውም ለአሥርት ዓመታት በመላዝ ቆየ። ሳዑድ በዚያው ዘመን ከመሐል ከተማው በስተ ምዕራብ አል-ናስሪያ የተባለ ሰፊ ቤተ መንግሥት በኮንክሪት ሠርተዋል። ለከተማይቱ ሲያስቡ እጃቸው አልታጠረም፤ ለግምጃ ቤቱ ግን ይህ አልበጀም። የነዳጁ ገንዘብ ከመግባቱ ይልቅ አወጣጡ ፈጠነ።

የመጀመሪያው ግጭት በማርች 1958 መጣ። የግብጹን ጀማል ዐብድ አን-ናስርን ለመግደል በሶርያ የተሸረበ ሴራ ሳዑድ በገንዘብ ደግፈዋል ተብሎ በይፋ ሲነገር መሳፍንቱ ተሰብስበው የአስተዳደሩ ሥልጣን ለአልጋ ወራሹ ለፈይሰል እንዲሰጥ አደረጉ። በዲሴምበር 1960 ሳዑድ ሥልጣኑን መለሱ፤ በሴፕቴምበር 1962 የመን ላይ አብዮት ሲነሳ ደግሞ ፈይሰል እንደገና ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በዚያ ዓመት ፈይሰል ያወጡት ባለ አሥር ነጥብ መርሐ ግብር ባርነትን ማስቀረትን ይጨምር ነበር። ይህ ሁሉ ሲመላለስ ሳዑድ አሁንም ንጉሥ ናቸው፣ በይዓውም በአንገት ላይ ነው።

በ1964 መጀመሪያ ሳዑድ ሥልጣናቸው ሙሉ በሙሉ እንዲመለስላቸው ጠየቁ። የንጉሡ ዘበኛ በአንድ ወገን፣ ብሔራዊ ዘቡ በሌላ ወገን ተፋጠጡ። ዑለማው (የሃይማኖት ሊቃውንቱ) ጣልቃ የገቡት በዚህ ጊዜ ነው። ዋና ሙፍቲው ሼኽ ሙሐመድ ቢን ኢብራሂም አል ሼኽ የ18ኛው ክፍለ ዘመን የሃይማኖት መሪ የሙሐመድ ቢን ዐብዱልወሃብ ዘር ናቸው፤ የሳዑድ ቤትና የሼኹ ቤት ቃል ኪዳን ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የመንግሥቱ መሠረት ነው። ማርች 29 ቀን ዑለማው ያወጡት ፈትዋ ንጉሡን አላወረደም። ሳዑድ የንግሥና ክብራቸው ተጠብቆ እንዲቆዩ፣ የመንግሥቱ የውስጥም የውጭም ሥራ ግን ንጉሡ ቢኖሩም ባይኖሩም በፈይሰል እጅ እንዲሆን ወሰነ። ምክንያቱ የንጉሡ ጤንነትና የመንግሥቱ ሁኔታ ነበር። መሳፍንቱ በፊርማ ደገፉት፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤትም አጸደቀው። ካባው ትከሻ ላይ ቀርቶ ኪሱ ብቻ ተወሰደ ማለት ይቻላል።

ሳዑድ ይህን አልተቀበሉም፤ መከራከራቸውንም አልተዉም። በኦክቶበር መጨረሻ ዑለማውና መሳፍንቱ እንደገና ተሰበሰቡ። ራስዎ ይልቀቁ ሲባሉ እምቢ አሉ። ኖቬምበር 2 ቀን 1964፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ኸልዑ ታወጀ፤ በይዓውም ለፈይሰል ተሰጠ። ጥይት አልተተኮሰም። ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ወር ለዚህ ጉዳይ ከሁሉም በላይ ይናገራል። ሳዑድ ለወንድማቸው በይዓ አልሰጥም ብለው አል-ናስሪያ ተቀመጡ። የተሻረ ንጉሥ በዚያው ከተማ ሳይታዘዝ ከኖረ አዲሱ ቋጠሮ ክፍት ነው። ስለዚህ አሮጌውን መፍታቱ አልበቃም፤ የተፈታው ሰው ራሱ በአዲሱ እንዲታሰር ተጠበቀ። በጃንዋሪ 1965 መጀመሪያ ሳዑድ በይዓ ሰጥተው ከአገር ወጡ። አቴንስ ተቀመጡ፣ ለጥቂት ጊዜ ካይሮ ሄደው በናስር ጥላ ሥር ዙፋናቸውን ለማስመለስ ሞከሩ፣ አልሆነም። ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1969 አቴንስ ላይ ሞቱ፤ መካ ላይ ተሰግዶባቸው ሪያድ በአል-ዑድ መቃብር ተቀበሩ።

የካህናቱን እጅ ሳይዙ የተሞከረ ሽረት ምን እንደሚገጥመው አዲስ አበባ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. አይታለች። ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ (የቀድሞው ራስ ተፈሪ) ብራዚል ሳሉ ቤተ መንግሥቱን ያዙ፣ አልጋ ወራሹንም በሬዲዮ መግለጫ አስነበቡ። ፓትርያርኩ አቡነ ባስልዮስ ግን ከንጉሡ ወገን ቆሙ። ዐመፀኞቹን የሚያወግዝና ሕዝቡን ለመሐላው ታማኝ ሁን የሚል የፓትርያርኩ ቃል በወረቀት ታትሞ ከአውሮፕላን በከተማው ላይ ተበተነ። ሙከራውን የሰበረው በእርግጥ ታማኙ ጦር ነው፤ ግን መሐላው ያልተፈታለት ሕዝብ ለዐመፁ አልወጣም።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ወታደራዊው ደርግ ይህን ሁሉ ወደ ጎን አደረገው። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱ በቅብዐ መንግሥት የተቀደሱና የማይደፈሩ መሆናቸውን ይናገር ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 1 ሕገ መንግሥቱንም ንጉሡንም በአንድ ወረቀት አነሳ። ግዝት የሚፈታ ጳጳስ አልተፈለገም። ምክንያቶቹ ሲነበቡ ግን ከአል-ማዋርዲ መጽሐፍ የወጡ ይመስላሉ፦ ንጉሡ ሥልጣናቸውን ለግል ጥቅም አውለዋል፣ ከእርጅና የተነሳም በአካልም በአእምሮም ደክመዋል። የአዋጁ አርቃቂዎች አል-ማዋርዲን አንብበው አልነበረም፤ ንጉሥን ለማውረድ የሚቀርቡ ምክንያቶች የትም ቢሆን ጥቂት ስለሆኑ ነው። አዋጁ ከተነበበላቸው በኋላ የ82 ዓመቱ ንጉሠ ነገሥት ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በትንሽ ቮልስዋገን ተሳፍረው ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ተወሰዱ። ደርግ ጄኔቭ የነበሩትን አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰንን ንጉሥ ይሆናሉ ብሎ ነበር፤ በመጋቢት ወር ግን ዘውዱን ራሱን አስቀረው።

ሪያድ ደግሞ ሽረትን በሕግ አንቀጽ አስሮ አስቀመጠው። በ2006 የወጣው የበይዓ ምክር ቤት ሕግ ንጉሡ መሥራት ያቃተው እንደሆነ የሐኪሞች ኮሚቴ እንዲመረምረው ያዛል፤ አለመቻሉ ዘላቂ ነው ከተባለ ለአልጋ ወራሹ በይዓ ይሰጣል። የ1964ቱ የጤንነት ምክንያት በዚህ መልክ ሥርዓት ሆነ። ከዙፋን በታች ላሉት ሰዎች ግን የንጉሣዊ ትእዛዞች ቃል ለስለስ ያለ ነው። ልዑል ሙቅሪን በ2015፣ ልዑል ሙሐመድ ቢን ናይፍ በ2017 ከአልጋ ወራሽነት ሲነሱ የትእዛዙ ግስ «ተሰናበተ» ወይም «ከኃላፊነቱ ነጻ ተደረገ» እንደ ማለት ነው። አማርኛም «በክብር ተሰናበቱ» እያለ ተመሳሳዩን ያደርጋል። ቃሉ ሲለሰልስ ሽረቱ ለሰለሰ ማለት አይደለም።

ሽረት ሰውየውን አልፎ ስሙንም ይነካል። ሳዑድ ከወረዱ በኋላ በመላዝ ያለው ዩኒቨርሲቲ ስማቸውን ጥሎ «የሪያድ ዩኒቨርሲቲ» ተባለ፤ አል-ናስሪያም ተዘንግቶ አብዛኛው ክፍሉ ፈረሰ። በ1982 ዩኒቨርሲቲው 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር ንጉሥ ኻሊድ «የንጉሥ ሳዑድ ዩኒቨርሲቲ» የሚለውን ስም መለሱለት። አዲስ አበባ ላይ ስድስት ኪሎ ያለው ዩኒቨርሲቲ በ1954 ዓ.ም. «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ» ተብሎ ነበር፤ ከአብዮቱ በኋላ «አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ» ሆነ። የንጉሠ ነገሥቱ አጽም ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ቢያርፍም የዩኒቨርሲቲው ስም አልተመለሰም።